ለሴት ልጆች ቡድን የውሰት ሳጥን እንዴት ይዘጋጃል?

በሰፈራችን ለሴት ልጆች የቅዳሜ ቡድን ስንጀምር ሦስት ሴቶች ነበርን። ፍላጎቱ ሞልቶናል፤ እቃ ግን የለንም። መቀስ ሲያስፈልገን ከልብስ ሰፊው፣ ኳስ ሲያስፈልገን ከጎረቤት ልጅ እንለምናለን። በሁለተኛው ወር አንዷ ሥራ ቀየረች፣ ሌላዋ ወለደች። ብቻዬን ቀረሁ።

ሌሎች ሴቶችን ሳነጋግር አንድ ነገር ገባኝ። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት መስጠቱ ማንንም አይከብድም። የሚከብደው ዓርብ ማታ ደክሞሽ ከሥራ ገብተሽ «ነገ ምን ላሠራቸው?» ብለሽ መጨነቁ ነው። ያንን ጭንቀት አስቀድሞ የሚጨርስላቸው ሰው ካለ ይመጣሉ።

የውሰት ሳጥን የሚሠራው ይህንኑ ነው። ለአንድ ቀን የሚሆነው እቃ ሁሉ ከነመመሪያው በአንድ ሳጥን ይቀመጣል። የፈለገች ትዋሳለች፣ ታሠራለች፣ ትመልሳለች። እንግሊዝና አሜሪካ ያሉ የሴት ልጆች የስካውት ቡድኖች ይህን ለምደውታል። ለእኛም ቢሆን አዲስ አይደለም። እድራችን ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ብረት ድስቱን የሚያውሰን እንዲሁ አይደል?

1. መጀመሪያ ሰዓቱን ጠይቁ

እቃ ከመግዛታችሁ በፊት ልጆቹ መቼ መውጣት እንደሚችሉ እወቁ። ቅዳሜ ጠዋት ለእኛ ይመቸናል። እናቷ ጉሊት የምትውል ልጅ ግን ቅዳሜ ጠዋት ታናናሾቿን ትጠብቃለች።

ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ደግሞ ጭራሽ የራሷ ሰዓት የላትም። እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ፕሮግራም እንዲህ ያሉ ልጆችን የደረሰው ሴት አስተማሪዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ አሠሪዎችን ስላነጋገሩ ነው። ቀበሌዎች ደግሞ መሰብሰቢያ ክፍል ሰጡ። ማስታወቂያ ለጥፎ መጠበቅ እነዚህን ልጆች አያመጣም። በር ማንኳኳት ያስፈልጋል።

2. አንድ ሳጥን፣ አንድ ሥራ

ሁሉንም ነገር የያዘ ትልቅ ሳጥን አትሥሩ። እኛ ሠርተን አይተነዋል። ቀለሙ ከገመዱ፣ ገበጣው ከፋሻው ጋር ተደባልቆ ሰው የሚፈልገውን ሲያጣ ይተወዋል። ለመጀመሪያ እርዳታ አንድ፣ ለባትሪና አምፖል ሙከራ አንድ፣ ለገበጣና ለገመድ ዝላይ ሌላ ይኑራችሁ። ክዳን ያለው መካከለኛ የፕላስቲክ ሳጥን ይበቃል። አንዲት ሴት ብቻዋን ተሸክማ ታክሲ ውስጥ ልትገባበት የምትችለው ይሁን። ታክሲ የማይገባ ሳጥን ማንም አይዋሰውም።

መጀመሪያ የትኛው ይሠራ ብትሉኝ፣ ከ11 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች እየታጠበ የሚያገለግል ሞዴስ መስፋት እላለሁ። እጅ ያሠራል፣ ወሬ ያመጣል፤ ልጅቷ ደግሞ የሚጠቅማትን ነገር ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ለ20 ልጅ የሚሆነው ሳጥናችን ይህን ይዟል፦

- ለ20 ሞዴስ ተቆርጦ ያለቀ ጨርቅ፣ የእያንዳንዷ ለብቻ ታስሮ
- አምስት መቀስ
- ስፖንጅ ላይ የተሰኩ 25 መርፌዎች
- ክር፣ 25 ቁልፍ፣ አምስት የካርቶን ቅርጽ
- አንድ ተሰፍቶ ያለቀ ናሙና
- ባዶ የወተት ጣሳና ብጥስጣሽ ወረቀት

ጨርቁ ሦስት ዓይነት ነው። ከላይ ሰውነት የሚነካው ለስላሳ ጥጥ፣ መሃል ላይ ፈሳሽ የሚመጥ የፎጣ ቁራጭ፣ ከታች ውሃ የማያሳልፍ ስስ ጨርቅ። ለታችኛው እኛ የምንጠቀመው የተሰበረ ጃንጥላ ነው። ክረምት ሲወጣ በየቤቱ አይጠፋም፤ መርካቶ ያለው የአሮጌ እቃ ገበያ፣ ምናለሽ ተራ ከሄዳችሁ ደግሞ ብዛቱ ያስገርማችኋል። ሁሉንም በደንብ አጥባችሁ ቁረጡ። ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ ጎንና ጎኑ ላይ ክንፍ ይውጣለትና ከውስጥ ሱሪ በታች በቁልፍ ይያያዝ።

ጨርቁን መቁረጥ የእናንተ ሥራ ነው፤ ለልጆቹ አትተዉት። 20 ልጅ በአምስት መቀስ ጨርቅ ትቁረጥ ካላችሁ ሰዓቱ እዚያው ያልቃል፣ ሳትሰፋ ትሄዳለች።

3. መመሪያው ከአንድ ገጽ አይለፍ

የመጀመሪያውን መመሪያ ስድስት ገጽ አድርጌ ጻፍኩት። ኮርቼበት ነበር። የተዋሰችው ሴት ስትመልሰው የስቴፕለሩ ሽቦ እንኳን አልላላም። አላነበበችውም።

አሁን አንድ ገጽ ነው፣ በፕላስቲክ ተለብዶ ክዳኑ ውስጥ ተለጥፏል። የ90 ደቂቃውን እንዲህ ይከፋፍለዋል። 15 ደቂቃ መተዋወቂያና እንቆቅልሽ። በዚሁ ጊዜ እያንዳንዷ ልጅ ስም ሳትጽፍ አንድ ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፋ ጣሳው ውስጥ ትከታለች። የምታፍር ካለች ባዶ ወረቀት ትክተት፤ ዋናው ሁሉም እጅ ጣሳው ውስጥ መግባቱ ነው። ቀጥሎ 10 ደቂቃ ናሙናውን እየተቀባበሉ ማየት። 45 ደቂቃ ስፌት። 15 ደቂቃ የጣሳውን ጥያቄ መመለስ። የመጨረሻው አምስት ደቂቃ መርፌ ቆጠራ ነው።

የመርፌ ቆጠራውን እንዳትዘሉት። ያው ክፍል ውስጥ ሰኞ ጠዋት መሬት ላይ የሚቀመጡ ሕፃናት አሉ። 25 ወጥቶ 24 ከተመለሰ ማንም አይወጣም።

ወሬው የሚመጣው በስፌቱ ሰዓት ነው። መርፌ ላይ ያቀረቀረች ልጅ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ የምትጠይቀውን፣ ፊት ለፊት ብታስቀምጧት አትጠይቅም። ዝም ካሉ ደግሞ የፍሬወይኒ መብራህቱን ነገር አንሱላቸው። መቀሌ ላይ እየታጠበ የሚያገለግል ሞዴስ የሚያመርት ፋብሪካ አቋቁመው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን «የዓመቱ ጀግና» ተብለዋል። «በሞዴስ?» ብላ ያልሳቀች ልጅ እስካሁን አላጋጠመችኝም። ከዚያ በኋላ ግን አፋቸው ይፈታል።

አጠባቡንም እዚያው ገጽ ላይ ጻፉት። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቃል፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል። ከዚያ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አልጋ ሥር ተደብቆ መድረቅ የለበትም። እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንዷ «ወንድሞቼ ቢያዩትስ?» ትላለች። «ስስ ነጠላ ደርበሽ አስጪው፣ የኔ ቆንጆ» በሏት። ነፋስም ፀሐይም ያገኘዋል፣ እሷም አትሳቀቅም።

ገጹን ከመለጠፋችሁ በፊት ስለ ቡድናችሁ ምንም ለማታውቅ ሴት ስጧት። እናንተ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። የጠየቀቻችሁ ነገር ሁሉ ገጹ ላይ የጎደለ ነው።

4. መዝገቡን ከእድር ተማሩ

የእድራችንን እቃ ክፍል የሚጠብቁትን አዛውንት ምክር ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እቃ የሚያጠፋው ሌባ አይደለም፤ ‹ነገ እመልሳለሁ› የሚል ሰው ነው» አሉኝ። ደብተራቸውን ገልጠው አሳዩኝ። ስም፣ ስልክ፣ የወጣበት ቀን፣ የሚመለስበት ቀን፣ ፊርማ። በቃ። እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የእቃ ወጪ ቅጽ (ሞዴል 22) መሙላት አያስፈልግም።

እኔ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። የሳጥኑን ዝርዝር ቋሚ እቃና አላቂ እቃ ብዬ ለየሁት። መቀስ፣ መርፌና ናሙና ይመለሳል። ጨርቅ፣ ክርና ቁልፍ ያልቃል፤ እሱን የሚተካው አዋሹ ነው እንጂ ተዋሿ አይደለችም። ይህ ካልተለየ ሴቶቹ ያለቀውን ክር ከኪሳቸው መግዛት ያለባቸው ይመስላቸውና መዋስ ይተዋሉ።

እድር መቀጫ አለው። እኛም ለጠፋ እቃ 50 ብር ብለን ነበር። አንዲት እናት መቀስ ጠፍቶባት፣ አፍራ ሳጥኑን ሁለት ወር ቤቷ አስቀመጠችው። የጠፋው የአንድ መቀስ ዋጋ ነው፣ የቀረብን ግን የስምንት ቅዳሜ ሥራ። መቀጫውን ሰረዝነው። አሁን ደብተሩ ላይ «የጎደለ» የሚል ቦታ አለ፤ ተዋሿ ራሷ ትጽፋለች፣ ለምን የሚላት የለም።

5. የልጆቹ ደኅንነት

እዚህ ላይ ይሉኝታ አይሠራም። ሁልጊዜ ሁለት አዋቂዎች ይኑሩ፤ አንዷ ከቀረች ዝግጅቱ ይቅር። ወላጅ ወይም አሳዳጊ በጽሑፍ ይፍቀድ። ፎቶ ያለ ፈቃድ አይነሣ፣ ቴሌግራም ላይም አይለጠፍ። ክፍሉን የሚሰጣችሁ ትምህርት ቤትም ይሁን ወረዳ፣ ፈቃዱን በደብዳቤ ያዙ።

ከጣሳው አንዳንዴ ከባድ ነገር ይወጣል። አንድ ቀን «ሊድሩኝ ነው» የሚል ወረቀት አነበብኩ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት እንዳደረገው አውቃለሁ፤ ማን ዘንድ እንደሚኬድ ግን አላወቅኩም ነበር። ስለዚህ ከመመሪያው ጀርባ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር፣ የወረዳውን ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና በአቅራቢያ ያለውን ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ጻፉ። ልጅቷን «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡላት። «የሚረዳን ሰው አብረን እንፈልጋለን» በሏት።

6. ሳጥኑ ሲመለስ

ተዋሿ ከመሄዷ በፊት ክፈቱት። አብራችሁ ቁጠሩ፣ ቡናም ካለ አብራችሁ ጠጡ፤ የትኛው እንደሠራ የትኛው እንዳልሠራ የምትሰሙት ያኔ ነው። እኛ ዘንድ ቆጠራውን አሁን ትልልቆቹ ልጆች ወስደውታል። ከእኔ ይልቅ ጥብቅ ናቸው፤ አንድ ቁልፍ ጎደለ ብለው አስመልሰውኛል።

ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት ጨርቁን በእጃችሁ ዳስሱት። ትንሽ እንኳን እርጥበት ካለው ፀሐይ ላይ አውሉት። የኛን የመጀመሪያ 20 ጥቅል ሐምሌ ላይ ሳላይ ዘግቼበት፣ መስከረም ላይ ስከፍተው ሻግቶ ጠበቀኝ።