ኢንዶስኮፒ ታዘዘላችሁ? ከመድኃኒቶቻችሁ እንጀምር

የኢንዶስኮፒ ክፍል ነርስ ነኝ፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራ የሚታይበት ምርመራ ነው። ቀጠሮ ሊይዝ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ያማል?» ብሎ ነው። ስለ ኪኒኑ የሚጠይቀኝ ከስንት አንድ ነው። እኔ ደግሞ ምርመራው ከንቱ ሲቀር የማየው አብዛኛውን ጊዜ በቱቦው ጥፋት አይደለም፤ ቤት ውስጥ በተዋጠ ወይም በገዛ ፈቃድ በተተወ መድኃኒት ነው።

ቀጠሮው እንደተሰጣችሁ ቀን ቁጠሩ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱትን ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞል ወይም ፓንቶፕራዞል የምትወስዱ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ይቆማል፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ 4 ሳምንት። ምክንያቱ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ነው። ከጨጓራችሁ ቅንጣት ናሙና ይወሰድና (አይሰማችሁም) ዩሪያ ያለበት ቢጫ ጄል ላይ ይቀመጣል፣ ባክቴሪያው ካለ ጄሉ ወደ ሮዝ ይቀየራል። እነዚህ መድኃኒቶች ግን ባክቴሪያውን ሳያጠፉ ቁጥሩን ይቀንሱታል። ጄሉ ቢጫ እንደሆነ ይቀራል፣ «የለባችሁም» ተብላችሁ ትሄዳላችሁ፣ ቃጠሎው ግን አብሯችሁ አለ። ለጉንፋን ብላችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ የዋጣችሁት አሞክሳሲሊንም ይቆጠራል፤ አትደብቁን፣ አንቆጣም። እሺ፣ ትንሽ እንቆጣለን። የጨጓራ ቁስላችሁ ደምቶ የሚያውቅ ከሆነ ወይም ኦሜፕራዞሉ ከአስፕሪን ጋር ለመከላከያ የታዘዘላችሁ ከሆነ ግን ሀኪማችሁን ሳትጠይቁ እንዳታቆሙ። በመሀል ቃር ካስቸገራችሁ ነጩን የአሲድ ማርከሻ ሽሮፕ መጠጣት ይቻላል። በምርመራው ቀን ግን አይነካም፣ የጨጓራውን ግድግዳ ኖራ የተቀባ ያስመስለዋል።

አሁን ወደ ጾም። አንድ ጊዜ አንድ አባት ረቡዕ ጠዋት መጡ። «ጾመዋል አባቴ?» አልኳቸው። «እንዴታ ልጄ!» አሉ። ምርመራው ሲጀመር ጨጓራቸው ውስጥ ምን ብናይ ጥሩ ነው? ሽሮ። እሳቸው አልዋሹም፣ ቅቤ አልነካቸውም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ «ምንም ነገር በአፋችሁ አይግባ» ነው የምለው። ምግብና ወተት ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ብዙ ቦታ 8 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል። ንጹሕ ውሃ እስከ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ይፈቀዳል፤ የቀጠራችሁ ክፍል ከዚህ ጠበቅ ያለ ነገር ካዘዘ እሱን ስሙ። ጠበልም ለጨጓራ ያው ውሃ ነው፣ በዚያው ሰዓት ይቁም። ማታ ማታ ጨጓራዬን ያበርድልኛል ብላችሁ የምትጠጡት ተልባ ደግሞ ዝልግልግ ብሎ ሁሉን ይሸፍናል፣ ቢያንስ ከዋዜማው ጀምሮ ተዉት። ጫትም እንዲሁ፣ ልብ ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል። ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ካሜራው እንዲያይ ብቻ አይደለም። ጉሮሮ ደንዝዞ ሰው እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ጨጓራ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ትን ሊል፣ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

የግፊት፣ የልብና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን አይቀርም፤ በጠዋት በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጡት። «ባዶ ሆድ ተብሏል» ብሎ የግፊት ኪኒኑን ትቶ መጥቶ፣ ግፊቱ ሰማይ ነክቶ ቀጠሮው የተላለፈበት ሰው ብዙ ነው።

ስኳር ያለባችሁ የመጀመሪያውን ተራ ጠይቁ። ግሊቤንክላሚድና ሜትፎርሚን በዚያ ጠዋት ብዙውን ጊዜ ይዘለላል፣ በተለይ ግሊቤንክላሚድ ባዶ ሆድ ላይ ስኳር ጥሎ ያዝለፈልፋል። ኢንሱሊን ደግሞ መጠኑ ይቀነሳል እንጂ በራሳችሁ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይቆምም፤ ምን ያህል እንደሚቀነስ ሀኪማችሁ ይንገራችሁ። ከውጭ ዘመድ የላከላችሁ ኦዜምፒክ የሚባል የስኳር መርፌ ካለም ቀደም ብላችሁ ተናገሩ፣ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋል።

ደም ማቅጠኛ ላይ ቆም እንበል። አስፕሪን አታቁሙ። ዋርፋሪንና ክሎፒዶግሬል፣ ለማየትና ትንሽ ናሙና ለመውሰድ ብቻ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላሉ፤ ለዋርፋሪን የደም መቅጠን ምርመራ (አይኤንአር) ቀድሞ ይታያል። የጠበበ ጉሮሮ ማስፋት ወይም ፖሊፕ (ትርፍ ሥጋ) ማውጣት ካለ ነው ዋርፋሪን ወደ 5 ቀን ገደማ የሚቆመው፣ እሱም በሀኪም ትእዛዝ። እኛ አገር በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ ልባቸው ተጎድቶ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመላቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ እነሱ «ልድማ ይሆን?» ብለው ፈርተው በራሳቸው ቢያቆሙ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ፣ ወደ ጭንቅላት ሊሄድ ይችላል። ከትንሽ መድማት እሱ ይከፋል።

ከገባችሁ በኋላ ያለው የእኛ ሥራ ነው። ባለበት ቦታ ሲሜቲኮን የሚባል አረፋ ማጥፊያ በትንሽ ውሃ ትጠጣላችሁ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ። ከዚያ ጉሮሮ ላይ የሊዶኬይን ስፕሬይ ይረጫል። ይመራል። ወዲያው «ጉሮሮዬ አበጠ፣ መዋጥ አቃተኝ» የሚል ስሜት ይመጣል፤ መደንዘዙ ነው፣ አትደንግጡ። ጥርስ ስትነቀሉ ማደንዘዣ ተቆጥቷችሁ የሚያውቅ ከሆነ ግን ከመረጨቱ በፊት ተናገሩ። ግላኮማ ያለባችሁም እንዲሁ፣ አንጀት ለማርገብ የሚሰጠው ቡስኮፓን አይስማማችሁም ይሆናል።

ማስታገሻ ከተመረጠ ብዙ ጊዜ ሚዳዞላም ነው፣ በደም ሥር፣ ቀስ እየተባለ፣ ለአረጋውያን በጣም በትንሹ። ሙሉ ሰመመን አይደለም፤ ትሰማላችሁ፣ በኋላ ግን ብዙውን አታስታውሱትም። አስም፣ ከባድ ማንኮራፋት፣ እርግዝና፣ የእንቅልፍ ኪኒን ወይም የዘወትር መጠጥ ካለ ሳታፍሩ ንገሩን፣ መጠኑን የምንወስነው በዚያ ነው። አስታማሚ ይዛችሁ ኑ። ለ24 ሰዓት መኪና አትንዱ፣ ውል አትፈርሙ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ብዙ ለማይደነግጥ ሰው ስፕሬዩ ብቻ ይበቃል፤ ምርመራው ራሱ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ በእግራችሁ ትሄዳላችሁ።

ደም ለሚያስታውክ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ለጠቆረ ሰው ይህ ሁሉ የቀን ቆጠራ አይሠራም፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። እዚያ ከምርመራው ከ30 እስከ 120 ደቂቃ በፊት 250 ሚሊ ግራም ኤሪትሮማይሲን በደም ሥር ሊሰጠው ይችላል። ለኢንፌክሽን አይደለም፤ ጨጓራውን አነቃንቆ ደሙን ወደ ታች ስለሚያወርድ ነው። የጉበት በሽታ ወይም ቢልሃርዚያ እንዳለበት የምታውቁ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ተናገሩ።

ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አትብሉ፣ አትጠጡ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ በትንሹ ቅመሱ፤ ካላሳላችሁ ምግብ ይቻላል። ትኩስ ቡና ግን ምላሳችሁ በደንብ እስኪነቃ ይቆይ።