ለጦር መሣሪያ ጥቃት መከላከያ ምርምር የመንግሥት ገንዘብ እንዴት ይጠየቃል?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 48,830 ሰዎች በጦር መሣሪያ ሕይወታቸው አልፏል፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ሆኖም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ የፌዴራሉ መንግሥት ለዚህ ጉዳይ ጥናት የመደበው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ዛሬ በሩ፣ ጠባብም ቢሆን፣ ተከፍቷል። ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚገኙ ጀማሪ ተመራማሪዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ከዩኒቨርሲቲ ጋር አብረው ለመሥራት ለሚያስቡ የማኅበረሰብ ድርጅቶች ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚጠየቅ ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከሕጉ ይጀምሩ

በ1993 የታተመ አንድ ጥናት መሣሪያ የሚቀመጥባቸው ቤቶች ከሌሎቹ ይልቅ የነፍስ ግድያ ሥጋት እንደሚበዛባቸው አመለከተ። ጥናቱ የተደገፈው በበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል፣ በተለምዶ ሲዲሲ በሚባለው መሥሪያ ቤት ገንዘብ ስለነበር የመሣሪያ ባለቤትነት መብት ደጋፊዎች ቁጣ ወደ ማዕከሉ ዞረ። በ1996 ኮንግረስ በበጀት ሕጉ ላይ በአርካንሳሱ ተወካይ በጄይ ዲኪ ስም የሚጠራውን አንቀጽ ጨመረ። አንቀጹ ለማዕከሉ የጉዳት መከላከያ ሥራ የሚመደብ ገንዘብ የጦር መሣሪያ ቁጥጥርን ለማራመድ ወይም ለመቀስቀስ እንዳይውል የሚያዝ ነው። ከዚሁ ጋር፣ ማዕከሉ ባለፈው ዓመት ለመሣሪያ ጉዳት ጥናት ካወጣው ጋር ልክ እኩል የሆነ 2.6 ሚሊዮን ዶላር ከበጀቱ ተነሥቶ ለሌላ ሥራ ተሰጠ።

ሕጉ ምርምርን አልከለከለም፤ የከለከለው ቅስቀሳን ነው። መልእክቱ ግን ግልጽ ስለነበር ኃላፊዎቹ ፈሩ፣ ተመራማሪዎቹም ገንዘብ ወደሚገኝበት ርእስ ፊታቸውን አዞሩ። በ2012 በጀት ተመሳሳይ ገደብ ኤንአይኤች በሚባለው ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም ላይም ተጣለ። በዚያው ዓመት ጄይ ዲኪ ራሱ፣ የማዕከሉን የጉዳት መከላከያ ክፍል ይመራ ከነበረውና በ1996ቱ ክርክር ባላጋራው ከነበረው ከዶክተር ማርክ ሮዘንበርግ ጋር በጋዜጣ ላይ በጋራ ጽፎ ምርምሩ እንዲካሄድ ጠየቀ። ኮንግረስ በ2018 ማዕከሉ ምርምር ማካሄድ እንደሚችል በጽሑፍ አብራራ፤ ለ2020 በጀት ዓመት ደግሞ ለሲዲሲና ለኤንአይኤች ለእያንዳንዳቸው 12.5 ሚሊዮን፣ በድምሩ 25 ሚሊዮን ዶላር መደበ። የዲኪ አንቀጽ ግን አልተሻረም።

ይህን ታሪክ ማወቅ የሚጠቅመው ፕሮፖዛሉ፣ ማለትም ገንዘብ የሚጠየቅበት የጥናት ዕቅድ፣ በሚጻፍበት ቋንቋ ላይ ስለሚወስን ነው። «የመሣሪያ ግዢ ፈቃድ ሕግ ሊወጣ እንደሚገባ ለማሳየት» ብሎ የሚጀምር ፕሮፖዛል ገና ሳይጠና መልሱን የያዘ ስለሆነ በሕግም በሳይንስም ይወድቃል። «የፈቃድ ሕግ ባወጡ ክልሎች ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 24 የሆኑ ወጣቶች ራሳቸውን የሚያጠፉበት መጠን ሕጉ ከሌለባቸው ክልሎች ጋር ሲነጻጸር ተለውጧልን?» የሚለው ግን ጥያቄ ነው፤ መልሱም «አልተለወጠም» ሊሆን ይችላል። ተመራማሪው እንደ ዜጋ አስተያየቱን በራሱ ጊዜና በራሱ ገንዘብ የመግለጽ መብት አለው፤ በግራንቱ፣ ማለትም ለምርምሩ በሚሰጠው ገንዘብ፣ የሚከፈለው ሰዓት ግን ለጥናቱ ብቻ መዋል አለበት። በእኔ እምነት ይህ መስመር ሸክም ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ መሣሪያ ያለውም የሌለውም ሰው ውጤቱን እንዲያምን የሚያደርገው ይኸው ነውና።

ገንዘቡ ያለበትን ይለዩ

በፌዴራል ደረጃ ዋናዎቹ ምንጮች ሲዲሲ፣ ኤንአይኤችና የፍትሕ ሚኒስቴሩ የምርምር ክፍል ናቸው። ከክልሎች መካከል ካሊፎርኒያ ቀዳሚ ናት፤ በ2016 በወጣ ሕግ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር የምርምር ማዕከል እንዲቋቋም ወስና ለአምስት ዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር ሰጠች፤ ማዕከሉም በዩኒቨርሲቲው የዴቪስ ቅርንጫፍ ተቋቋመ። ኒው ጀርሲም በ2018 በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ማዕከል አቋቁማለች። የዲኪ አንቀጽ የሚመለከተው የፌዴራል ገንዘብን ስለሆነ የክልል ገንዘብ በራሱ ደንብ ይተዳደራል።

የፌዴራሉ ገንዘብ በየዓመቱ በኮንግረስ የሚወሰን በመሆኑ ለዓመታት የሚቆይ ዕቅድ በእርሱ ብቻ ላይ መመሥረት አደገኛ ነው። በ2025 የሲዲሲ የጉዳት መከላከያ ክፍል በርካታ ሠራተኞቹን አጥቷል፤ በፍትሕ ሚኒስቴሩ በኩል የተሰጡ ብዙ ግራንቶችም ጊዜያቸው ሳያልቅ ተቋርጠዋል። ስለዚህ አንድን ሐሳብ ለፌዴራል፣ ለክልልና ለዩኒቨርሲቲው የውስጥ ፈንድ በተለያየ መጠን አዘጋጅቶ መያዝ ይበጃል፤ ለሁለት ቦታ ሲያመለክቱ ግን ይህንኑ መግለጽ ግዴታ ነው።

ምዝገባውን ቀደም ብለው ይጨርሱ

አመልካቹ በሕግ ፊት ግለሰቡ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው ነው። ዋናው ተመራማሪ የዩኒቨርሲቲውን የግራንት ጽሕፈት ቤት ከቀነ ገደቡ ቢያንስ ሁለት ወር ቀድሞ ሊያነጋግር ይገባል። የማኅበረሰብ ድርጅት የበጀቱ ተካፋይ የሚሆን ከሆነ መንግሥት የሚሰጠው የመለያ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ይህም ጥቂት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

ጥያቄውን ከመረጃው ጋር ያጋቡ

ብዙ ፕሮፖዛል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ጥያቄ ይነሣል፣ መልሱን የሚሰጠው መረጃ ግን የለም። በ2002 የተጀመረው ብሔራዊ የኃይል ሞት መመዝገቢያ የሞት የምስክር ወረቀትን፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤትንና የፖሊስ ሪፖርትን በአንድ ላይ ያያይዛል፤ ከ2018 ጀምሮም ሃምሳዎቹን ክልሎች በሙሉ ይሸፍናል። መዝገቡ የሚነግረን ግን ስለ ሞቱት ነው። ቆስለው የተረፉትን ለማወቅ ወደ ሆስፒታል መዛግብት መሄድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ወራት ስለሚፈጅም ከሆስፒታሉ የድጋፍ ደብዳቤ ሳይያዝ ማመልከት ጊዜን በከንቱ ማባከን ነው።

ጥያቄው ጠበብ ያለና ሊለወጥ በሚችል ነገር ላይ ያተኮረ ይሁን። በመሣሪያ ራስን ለማጥፋት ከሚደረጉ ሙከራዎች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ በሞት የሚያበቁ በመሆኑ በአንድ የጭንቀት ሌሊት በመሣሪያውና በሰውየው መካከል የሚቆም ቁልፍ ትልቅ ትርጉም አለው። መሣሪያን ቆልፎ፣ ጥይትን ለይቶ ማስቀመጥ በወጣቶች ላይ ከሚደርስ ጉዳት መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ ጥናት አሳይቷል፤ ሰዎች ቁልፉን እንዲጠቀሙ የሚያደርጋቸው ምክር የትኛው እንደሆነ ግን ገና ብዙ ሊጠና የሚገባው ነው። የሐኪም ምክር ነው ወይስ የመሣሪያ ሻጩ፣ ወይስ የሃይማኖት አባት?

ይጻፉ፣ በጀቱንም ይሥሩ

ለኤንአይኤች ሲያመለክቱ ገምጋሚዎች አስቀድመው የሚያነቡት አንድ ገጽ ብቻ የሆነውን የዓላማዎች ዝርዝር ነው፤ ይህን ገጽ ደጋግሞ መጻፍ ሌላውን ሁሉ ከመጻፍ ይቀድማል። ማመልከቻ የሚጋብዘው ጥሪ የተለየ ነገር ካላዘዘ፣ ለሙከራ ጥናት የሚሰጠው ግራንት በሁለት ዓመት እስከ 275,000 ዶላር ቀጥተኛ ወጪ (ለጥናቱ ሥራ ራሱ የሚውል ገንዘብ) የሚፈቅድ ሲሆን የምርምሩ መግለጫ ከስድስት ገጽ ሊበልጥ አይችልም፤ ለትልቁ ግራንት ገደቡ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። ከጥር 2025 መጨረሻ ጀምሮ ገምጋሚዎች የሚመዝኑት ሦስት ነገሮችን ነው፤ የጥያቄውን አስፈላጊነት፣ የዘዴውን ጥንካሬና ተግባራዊነት፣ እንዲሁም የቡድኑን ብቃትና አቅም። ነጥቡ ከ1 እስከ 9 ሲሆን ከሁሉ የተሻለው 1 ነው።

በበጀቱ ላይ ለትርጉምና ለማኅበረሰቡ አማካሪዎች የሚከፈለውን ገንዘብ አይርሱ። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ስድስት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ በከተማዋና በአካባቢዋ የሚደረግ ጥናት ማታ በመደብርና በነዳጅ ማደያ የሚሠሩ ወገኖቻችንን የሚያካትት ከሆነ የፈቃደኝነት ቅጹ በአማርኛ መዘጋጀት፣ ከዚያም በሌላ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ መመሳከር አለበት። የቃል ምርጫው ቀላል አይደለም። በእኛ ዘንድ ራስን ማጥፋት የሚሸሸግ ነገር ነው፤ ፍትሐት ይከለከላል ብሎ የሚሰጋ ቤተሰብ ምክንያቱን «በድንገት ዐረፈ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። መጠይቁን ከማሰራጨት በፊት ከእድር መሪዎችና ከካህናት ጋር ተቀምጦ እያንዳንዱን ቃል መመርመር የጥናቱ አካል ነው፤ ለዚህ የሚሰጡት ጊዜም ሊከፈላቸው ይገባል።

የተሳታፊዎችን ምስጢር ይጠብቁ

ጥናቱ ሰው የሚያነጋግር ወይም ማንነትን የሚገልጥ መረጃ የሚይዝ ከሆነ የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድ ሳይፈቅድ አይጀመርም። በኤንአይኤች ለሚደገፍ እንዲህ ያለ ጥናት ከ2017 ጀምሮ የምስጢር ጥበቃ ሰርተፊኬት በቀጥታ ይሰጣል፤ ይህም ተመራማሪው የተሳታፊውን ማንነት ለፍርድ ቤት እንዲያወጣ እንዳይገደድ ይከላከላል። የመኖሪያ ፈቃዱ ገና ያልጸና ስደተኛ ቤቱ ውስጥ መሣሪያ ስለመኖሩ ሲጠየቅ መፍራቱ ተገቢ ስለሆነ ጥበቃው በግልጽ ቋንቋ ይነገረው። ጥበቃው የማይሸፍነውም፣ ለምሳሌ በሕፃን ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የማሳወቅ ግዴታ፣ በዚያው ቅጽ ላይ ይጻፍለት።

ካመለከቱ በኋላ

የመጀመሪያው ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም። የገምጋሚዎቹ ጽሑፍ ሲደርስዎት ጥቂት ቀን አሳድረው ያንብቡትና የፕሮግራሙን ኃላፊ ያነጋግሩ፤ በኤንአይኤች ደንብ የተሻሻለውን ማመልከቻ እስከ 37 ወር ድረስ እንደገና ማስገባት ይቻላል። በመልስዎ ላይ የተቀበሉትን እርማትና ያልተቀበሉበትን ምክንያት ለይተው ይጻፉ።

ገንዘቡ ከተገኘ ደግሞ በየዓመቱ ሪፖርት ይቀርባል፤ በማመልከቻው በተገባው ቃል መሠረትም ማንነትን የሚገልጥ ነገር ተወግዶ መረጃው ለሌሎች ተመራማሪዎች ይከፈታል። ውጤቱ በመጽሔት መታተሙ ብቻ አይበቃም። ጥያቄውን የመለሱት ሰዎች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ በአማርኛ የሚቀርብበት አንድ ምሽትና የሚታደል ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ወጪያቸው ከመጀመሪያው ቀን በበጀቱ ውስጥ ይያዝ።