የልኬት ስህተት ስሌት ውስጥ ሲገባ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ በፔንዱለም (በክር ተንጠልጥላ በምትወዛወዝ ኳስ) ያገኛችሁት የመሬት ስበት ፍጥንጥነት (ጂ) ይዋዥቃል። አንዴ 8፣ አንዴ 11 ይመጣል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ክሩን ነው። ጥፋተኛው ግን ሰዓቱ ነው። አንድ ሜትር ክር ያለው ፔንዱለም ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሰዓቱን የምትጫነው ጣት በ0.2 ሰከንድ ብትቀድም ወይም ብትዘገይ 10 በመቶ ተሳሳታችሁ ማለት ነው። ጂ የሚሰላበት ቀመር ውስጥ (ጂ = 4π² × ርዝመት ÷ የጊዜው ካሬ) ደግሞ ጊዜው በራሱ ይባዛል። ስለዚህ ጂ ላይ ሲደርስ 20 በመቶ ገደማ ይሆናል። ክሩን በ2 ሚሊሜትር ብትስቱ እኮ 0.2 በመቶ ብቻ ነው! ማስመሪያውን ተዉትና 20 ምልልስ ቁጠሩ፤ ጠቅላላ ጊዜውን ለ20 አካፍሉ። ያው 0.2 ሰከንድ አሁን ለ40 ሰከንድ ይከፋፈላል። ጂ ላይ የሚቀረው 1 በመቶ ነው።

ምልክት፦ ሁለቱም ንባቦች ደህና ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን አይታመንም።

ውሃው ከ22.0 ወደ 23.5 ዲግሪ ሞቀ እንበል። የእያንዳንዱ ንባብ ስህተት ±0.5 ነው። ቁጥሮቹ ስለተቀነሱ ስህተቶቹ አይቀነሱም። ንባቦቹ የማይተዋወቁ ከሆነ (የአንዱ ስህተት ከሌላው ስህተት ጋር ካልተያያዘ) የስህተቶቹን ካሬ ደምሩ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት አውጡ፤ 0.7 ይመጣል። የ1.5 ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህን የሚያድን ሂሳብ የለም። ውሃውን ይበልጥ አሙቁትና ልዩነቱን አሳድጉ።

ምልክት፦ ያሰላችሁት ስህተት ከሚገባው በታች ነው።

በማባዛትና በማካፈል ጊዜ በካሬ የሚደመረው ፐርሰንቱ ነው፤ ያውም ልኬቶቹ የተለያዩ ሲሆኑ። የሉል ሬዲየስ በ2 በመቶ ከተሳሳተ የይዘቱ ስህተት 6 በመቶ ነው፣ 2 በመቶን ሦስት ጊዜ በካሬ ደምሮ የሚመጣው 3.5 አይደለም። ያው አንድ ልኬት ሦስት ጊዜ ስለገባ አንዱ የሌላውን ስህተት ሊያካክስ አይችልም።

ምልክት፦ ውጤቶቹ እርስ በርስ ይስማማሉ፤ ሁሉም ግን ከትክክለኛው ያንሳሉ።

እዚህ ደጋግሞ ለክቶ አማካይ መውሰድ ዋጋ የለውም። ምናልባት ክሩን የለካችሁት እስከ ኳሷ አናት ነው፤ መለካት የነበረበት እስከ መሃሏ ነው። ርዝመቱን እየቀያየራችሁ ለኩ። የጊዜውን ካሬ በርዝመቱ አንጻር በግራፍ ንደፉና ጂን ከስሎፑ (ከመስመሩ ተዳፋት) አውጡ፤ 4π²ን ለስሎፑ ማካፈል ነው። ስሎፑን ይህ ስህተት አይነካውም። መስመሩ ግን ዜሮን ስቶ ያልፋል፤ የርዝመቱን ዘንግ ከዜሮ በስተግራ የሚቆርጥበት ርቀትም የዘነጋችሁት የኳሷ ሬዲየስ ነው።