ኮርቻ እንዴት ይመረጣል? ሰሜን ሸዋ ውስጥስ የት ይጋለባል?

ለፈረስ ግልቢያ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ ኮርቻ፣ ግላስ (ኮርቻው የሚለብሰው ጨርቅ)፣ እርካብ (የእግር መርገጫ)፣ ልጓም ከነዛቡ (ከመያዣ ጠፍሩ ጋር)። ገበያ ላይ የሰው ዓይን የሚያርፈው በግላሱ ጥልፍ ላይ ነው። ፈረሱን የሚያቆስለው ግን ከሥር ያለው የኮርቻው እንጨት ነውና ገንዘብዎን እዚያ ላይ ያውሉ።

ኮርቻ ሳይለኩ አይግዙ። ፈረሱን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው ኮርቻውን ያለ ምንም ጨርቅ ጀርባው ላይ ያስቀምጡ። ከትከሻው በላይ ባለው ጉብታና በኮርቻው ቅስት መካከል ሁለት ሦስት ጣት ማለፍ አለበት፤ ሰው ሲቀመጥበትም ክፍተቱ መዘጋት የለበትም። እንጨቱ አከርካሪውን ፈጽሞ አይንካ፤ የኋላ ጫፉም ከመጨረሻው ጎድን አይለፍ። ጠባብ ኮርቻ ሥር ጨርቅ መደራረብ የባሰ ያጠብበዋል።

ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ጋልበው ኮርቻውን ያንሡና ላቡን ይዩ። ግራና ቀኙ እኩል ከራሰ ደህና ነው። በላቡ መካከል መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ ካለች ግን ኮርቻው እዚያ ላይ ተጭኗል፤ ገጣባው (ኮርቻ የሚያወጣው የጀርባ ቁስል) የሚወጣው በዚያችው ቦታ ነው። ፈረስ ሲገዙም በዳማ (ቀላ ያለ ቡናማ) ፈረስ ጀርባ ላይ ነጭ ጠጉር ጉች ጉች ብሎ ካዩ የዳነ ገጣባ ሊሆን ስለሚችል በእጅዎ ጫን እያደረጉ ይፈትሹ።

የሆዱ ጠፍር ሁለት ጣት እስኪያስገባ ይጥበቅ። ፈረስ ጠፍሩ ሲታሰርበት ሆዱን ስለሚነፋ ጥቂት አራምደው እንደገና ያጥብቁት።

በእግር አውራ ጣት የሚያዘው ትንሹ እርካብ ለባዶ እግር ነው። ጫማ ላደረገ ሰው ከጫማው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሴንቲሜትር የሚተርፍ ይሁን፤ ከጠበበ፣ የወደቀ ሰው እግሩ ተይዞ ይጎተታል።

ለጀማሪ የደብረ ብርሃን ዙሪያ ሜዳ ይሻላል። ክረምት ላይ ጭቃው ስለሚያንሸራትት ጥቅምትን መጠበቅ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ ነውና የልጓሙን ብረት በእጅዎ ሳያሞቁ አያጉርሱት።

መንዝ ጓሳ የተባለው ደጋማ የሣር ምድር ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ሰውም ፈረስም ቶሎ ይደክማል፣ ሶምሶማው አጭር ይሁን። ቀይ ቀበሮውን የሚመግቡት አይጥና ፍልፈል የቆፈሩት ጉድጓድ በሣሩ ተሸፍኖ የፈረስ እግር ይሰብራልና ከመንገዱ አይውጡ። በጣርማ በርና በአንኮበር አፋፍ ደግሞ ቁልቁለቱ ሲበረታ ወይም ጉም ሲወርድ ከፈረሱ ይውረዱና ዛቡን ይዘው በእግር ይምሩት።