የቤተሰብ መገናኛ ሬዲዮ መቼ ይጨናነቃል፣ እንዴትስ ይነጋገሩበታል?

ከመንዝ፣ ከጣርማበር ወይም ከደብረ ብርሃን ተነሥታችሁ አሜሪካ የገባችሁ ወገኖች፣ በአገራችን መገናኛ ሬዲዮ የሚይዘው ፖሊስ ወይም ሚሊሻ ስለሆነ፣ እዚህ አንድ ሕፃን በመናፈሻ ሲነጋገርበት ብታዩ ግር ሊላችሁ ይችላል። ኤፍ አር ኤስ የሚባለው ይህ የቤተሰብ ሬዲዮ ግን ያለ ፈቃድ የሚሠራበት ነው፤ 22 ቻናሎች አሉት፣ ጉልበቱም ከ2 ዋት አይበልጥም። ጂ ኤም አር ኤስ የሚባለው ከፍ ያለው ዓይነት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ክፍያው 35 ዶላር ሲሆን ለ10 ዓመት መላውን ቤተሰብ ያገለግላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ቻናሎቹ የጋራ በመሆናቸው ቅዳሜና እሑድ ከረፋድ እስከ አመሻሽ፣ በተለይም በበጋ ዕረፍት በመናፈሻዎችና በድንኳን ማረፊያዎች፣ በክረምት ደግሞ በበረዶ መንሸራተቻ ቦታዎች ይጨናነቃሉ። ከፈረንጆች ገና በኋላ ባሉት ቀናት በስጦታ ያገኙት ልጆች ሰፈሩን በጥሪ ይሞሉታል፤ በሥራ ቀናት የግንባታ ሠራተኞች ድምፅ ይሰማል። አብዛኛው ሰው ሬዲዮውን ሲከፍት በቻናል 1 ስለሚጀምር፣ ቤተሰባችሁን ሌላ ቻናል አስለምዱ።

የመናገሪያውን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት ጥቂት አዳምጡ፤ ከተጫናችሁ በኋላም ለአፍታ ቆይታችሁ ተናገሩ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። «ታደለ፣ አባትህ ነኝ፣ መኪናው ጋ ነን፣ ና» ማለት በቂ ነው። ከዚያ ጣታችሁን ካላነሣችሁ የልጁን መልስ አትሰሙም።

በካርቶኑ ላይ «ይደርሳል» ተብሎ የሚታየው ሠላሳ ማይል በከተማ አይገኝም፤ ሕንፃ በበዛበት አንድ ማይል እንኳ ላይደርስ ይችላል። በጣርማበር አፋፍ የቆመ ሰው ቆላው እንደሚታየው ሁሉ፣ ሬዲዮውም መንገዱ ሲገለጥለት ሩቅ ይደርሳል፤ ሸለቆ ውስጥ ሲገባ ግን ይታፈናል።

አጥብቄ የምለምናችሁ፣ በሬዲዮው ላይ የሚመረጠው «ፕራይቬሲ ኮድ» የሚባለው ቁጥር ምስጢር እንደማይጠብቅ እንድታውቁ ነው። ኮዱ የሌሎችን ድምፅ ከእናንተ ይከለክላል እንጂ የእናንተን ከሌሎች አይሸሽግም። አማርኛ መናገርም መጋረጃ አይሆንም፤ በዋሽንግተን አካባቢ መናፈሻ አማርኛ የሚሰማ ሰው አጠገባችሁ ሊኖር ይችላል። የቤት አድራሻችሁንም ሆነ ልጁ ብቻውን መሆኑን በሬዲዮ አትናገሩ። አደጋ ሲደርስ በስልክ 911 ደውሉ፤ በእነዚህ ቻናሎች ላይ ጥሪያችሁን ለመቀበል የተመደበ ሰው የለም።

ለዓመት በዓል ወደ አገር ቤት ስትሄዱም ሬዲዮውን እዚሁ ተዉት፤ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለማስገባት ፈቃድ ያስፈልጋል።