ከልጆች ጋር ስትወጡ «ታላቅ አይደለህ፣ ልቀቅላት» አትበሉ

ባለፈው እሁድ ልጆቼን ይዤ እንጦጦ ፓርክ ወጣሁ። ታላቁ 7 ዓመቱ ነው፤ ትንሿ 3 ከመንፈቅ። ከ4 ኪሎ የተሳፈርንበት ታክሲ ሽሮ ሜዳ ሳይደርስ በመስኮት በኩል ባለው ወንበር ተጣሉ። እኔም አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ፦ «አንተ ታላቅ አይደለህ? ልቀቅላት!» ለቀቀላት። ፓርኩ እስክንገባ ግን ትንፍሽ አላለም። ዝምታው እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ከልጆች ጋር ስንወጣ የምንሳሳታቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ሁልጊዜ ታላቁን «ስጥ» ማለት። ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። እኛ ዘንድ ታላቅ መሆን ክብር አለው። ክብሩ ግን ያለውን በመልቀቅ ብቻ የሚገለጽ ከሆነ፣ ልጁ ታላቅነቱን ይጠላዋል። ታናሿም ደግነት አትማርበትም። የምትማረው ስታለቅስ የፈለገችው ነገር እጇ እንደሚገባ ነው። ደግሞስ ልጄ መቼ ሰጠ? ተወሰደበት እንጂ። እምቢ ማለት የማይችል ልጅ ሰጠ አይባልም።

ስንመለስ በተራ አደረግነው። «እስከ 6 ኪሎ አንቺ፣ ከ6 ኪሎ እስከ 4 ኪሎ እሱ።» ለትንሽ ልጅ «5 ደቂቃ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። 6 ኪሎ ያለውን የሰማዕታት ሐውልት ግን በዓይኗ ታየዋለች። ሐውልቱ ሲታይ «ደረስን!» ብላ ራሷ ተነሳችለት። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ታናሿን «ስስታም» ማለት። በዚያ ዕድሜ «የኔ! የኔ!» ማለት ክፋት አይደለም። ልጅ የራሱ የሆነውን ገና እየለየ ነው፤ የራሱን ሳያውቅ ደግሞ ማካፈል አይመጣለትም። ታክሲ ሙሉ ሰው እየሰማ የወጣ ስም ግን አብሮት ያድጋል።

ርቧቸው ሳለ ደግነት መጠበቅ። እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ነፋሱ ልጅን ቶሎ ያደክማል። ጃኬት፣ ዳቦና ሙዝ ያዙ። ብዙው ጠብ እዚያው ይበርዳል።

እኛው ዳኛ ሆነን ማካፈል። ሳንቡሳውን እኔ ስቆርስ ሁሌም የአንዱ «ያንሳል»። አሁን አንዱ ይቆርሳል፣ ሌላው ቀድሞ ይመርጣል። እንዲህ ሲሆን ቆራሹ እንዴት እንደሚጠነቀቅ ብታዩ! ስፕሪስም ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። የኔዎቹ አንዱ አቮካዶውን፣ አንዷ ማንጎውን ነው የሚወዱት። አንድ ብርጭቆና ሁለት ማንኪያ በቂያቸው ነው።

ሰው ፊት «ይቅርታ በላት፣ ሳማት» ብሎ ማስገደድ። ይሄን እኔም ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከልጄ ይልቅ ለሚያየን ሰው ብዬ ነው። የዚያን ቀን ከዥዋዥዌው ሲገፋትና ስትወድቅ ግን አልጮህኩም። መጀመሪያ እሷን አነሳሁ። ከዚያ እሱ ንዴቱ እስኪበርድለት ጠብቄ፣ ቀስ ብዬ «ምን ብታደርግላት ይሻላታል?» አልኩት። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ተንበርክኮ የጉልበቷን አቧራ አራገፈላት። «ይቅርታ» የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም፤ እሷ ግን እጁን ያዘች።

ሳይታዘዙ ያደረጉትን ደግ ነገር በ«ጎበዝ» ብቻ ማለፍ። ያደረገውን በስሙ ጥሩለት። «ጃኬትህን ስትደርብላት መንቀጥቀጧን ተወች» ስለው፣ ዞር ብሎ አያት።

ማታ ሊተኛ ሲል ጠራኝ። «በሚቀጥለው እሁድ እስከ 6 ኪሎ እኔ ነኝ አይደል?» አለኝ። አዎ፣ አልኩት። «ግን ሐውልቱ ጋ ስንደርስ ታቅፌ አሳያታለሁ» አለ።