መኪናዎን ሙሉ ቻርጅ አድርገው ፀሐይ ላይ አያቁሙት

ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚያረጀው ሲነዳ ብቻ ይመስለዋል። ቆሞም ያረጃል፤ በተለይ ከባድ ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ ሲገናኙበት። በባትሪው ውስጥ ያለው ኤሌክትሮላይት (ሊቲየም የሚመላለስበት ፈሳሽ) ከኤሌክትሮዶቹ (ከሁለቱ የባትሪው ዋልታዎች) ጋር የሚፈጥረው ያልተፈለገ ኬሚካላዊ ለውጥ በሙቀት ይፋጠናል፤ ኃይል የሚሸከመው ሊቲየም በዚሁ ቀስ በቀስ ይባክናል። የባከነው ደግሞ አይመለስም።

ስለዚህ ለዕለት ተዕለት ጉዞ ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም ያድርጉት። ረጅም መንገድ ካለብዎት 100 መሙላት ችግር የለውም፤ ብቻ የሚሞላው ሊነሡ ሲሉ እንዲሆን ሰዓቱን ያስተካክሉ። (የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከሆነ ግን አንዳንድ አምራቾች በየጊዜው እስከ 100 እንዲሞላ ስለሚመክሩ መመሪያውን ያንብቡ።) በጠራራ ፀሐይ ረጅም መንገድ ነድተው እንደደረሱም ወዲያው ፈጣን ቻርጀር ላይ አይሰኩት፤ ጥላ ፈልገው ትንሽ ያሳርፉት።

ያገለገለ መኪና የሚገዙ ከሆነ፣ እባክዎ ከዋጋው በፊት ባትሪው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ መሆኑን ይጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ ኒሳን ሊፍ መኪኖች ይህ ስላልነበራቸው በአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት ሙቀት ባትሪያቸው ቶሎ ደክሟል። ማቀዝቀዣው ካለ ደግሞ፣ በብዙ መኪኖች የ80 በመቶው ገደብ እንደተጠበቀ ሶኬት ላይ መተው ባትሪውን ከመስመር በሚመጣ ኃይል ለማቀዝቀዝ ያግዛል።